ግልጽ ደብዳቤ፦ መስኮቱ ስንት ካሬ ይከፈታል?

ለባሕር ዳር ከተማ የሕንፃ ፕላን ለምታጸድቁ፣ ግንባታ ለምትቆጣጠሩ፣ እንዲሁም ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች በሙሉ

ክቡራንና ክቡራት፣

እንደኔ ያለ ሰው ወደ ቢሮ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ያልተከፈለ ገንዘብ ሲኖረው ነው። ይሄኛው ስለ ገንዘብ አይደለም። ሥራዬ መስኮትና በር ነው። አልሙኒየም እቆርጣለሁ፣ ቱቦላሬ እበይዳለሁ፣ መስታወት እገጥማለሁ። ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ እኔ ከሠራኋቸው መስኮቶች ጀርባ ሰው ይኖራል፣ ይማራል፣ ይታከማል። እናም በዚህች ከተማ ክፍሎች ውስጥ ስላለው አየር አንድ ሁለት ነገር ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

ጉዳዬን ከፊት ላስቀምጠው። ፕላን ሲቀርብላችሁ መስኮቱ የት እንደሆነና ስንት በስንት እንደሆነ ታያላችሁ። የምለምናችሁ ሁለት ጥያቄ እንድትጨምሩበት ነው። ከዚህ መስኮት ውስጥ የሚከፈተው ስንት ካሬ ነው? የገባው አየርስ በየት በኩል ይወጣል? ሁለቱ ጥያቄዎች ከተጠየቁ ሌላው ቀላል ነው። ካልተጠየቁ ግን በመስታወት ያሸበረቀ፣ ውስጡ የታፈነ ሕንፃ መገንባታችንን እንቀጥላለን።

ባሕር ዳር በአየር ጉዳይ ዕድለኛ ከተማ ናት። ጣና ከከተማዋ በስተሰሜን ተንጣሏል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ቶሎ ይሞቃል፣ ውኃው ግን ይዘገያል። መሬት ላይ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሣ፣ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቅ አየር ቦታውን ሊሞላ ይገባል። ረፋድ ላይ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ታንኳ ቀዛፊዎችና ጀልባ ነጂዎች ናቸው። ወደ ዘጌ የሚሻገርን ሰው “በጠዋት ና” የሚሉት ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ስለሚነሣ ነው። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ቀድሞ ይበርዳል፣ ነፋሱም ለዘብ ብሎ ከከተማው ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ በኩል መስኮት ያለው ክፍል ቀንም ሌሊትም ድርሻውን ያገኛል።

ፀሐይም ብትሆን ከዚሁ ጋር ትስማማለች። እኛ ጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነች። በሰኔማ ጭራሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። ስለዚህ የሰሜኑንም የደቡቡንም መስኮት አጭር ክፈፍ ይከልለዋል። የምሥራቁና የምዕራቡ ነው አስቸጋሪው። ፀሐይ ዝቅ ብላ በአግድም ስለምትመጣ ክፈፍ አያግዳትም። ሆኖም ትልልቅ መስታወት ግጠምልን የምንባለው ብዙ ጊዜ በምዕራብ በኩል ነው። ለምን? መንገዱ በዚያ በኩል ስለሆነ። ሕንፃ ፊቱን ወደ አላፊ አግዳሚው ያዞራል፤ ነፋሱ በየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ደንበኛ መስኮት የሚያዘው በካሬ ነው። “አራት መስኮት፣ እያንዳንዱ አንድ ካሬ” ይላል፣ እንስማማለን። የዛሬ ደንበኛ መቼም የሚፈልገው ስላይዲንግ ነው። ስላይዲንግ ጥሩ ጎን አለው። ቦታ አይፈጅም፣ ነፋስ አያላጋውም፣ መጋረጃ አይጎትትም። ግን አንዱ መስታወት በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ቢበዛ የሚከፈተው ግማሹ ነው። አራት ካሬ መስታወት ታያላችሁ፣ የሚተነፍሰው ሁለት ካሬ ነው። በማጠፊያ ወደ ውጭ የሚከፈተው የድሮው ዓይነት መስኮት ግን ሙሉው ይከፈታል። ፊት ለፊቱን ሙሉ በመስታወት የሚለብሰው ሕንፃማ ከዚህም ይብሳል። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም መስኮት ይመስላል። ቀርባችሁ ብትቆጥሩ አብዛኛው በሲሊኮን የተጣበቀ ነው፣ አይከፈትም። ፕላኑ ላይ ግን ሁለቱም እኩል “መስኮት” ተብለው ተጽፈዋል።

ይህ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ለሚል፣ እስኪ አንድ የመማሪያ ክፍል ወስደን አብረን እናስላ። 9 ሜትር በ7 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር። 189 ሜትር ኩብ ይሆናል። 60 ተማሪ ይቀመጥበታል እንበል። ተቀምጦ የሚማር ልጅ በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፣ ስልሳው 900 ሊትር። የውጭው አየር ዛሬ ከሚሊዮን 420 እጅ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጀርመናዊው የጤና ሊቅ ማክስ ፔተንኮፈር በ1858 እ.ኤ.አ. “ከዚህ ካለፈ ክፍሉ ታፍኗል” ያለበት ልክ 1,000 ነበር። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ያ ክፍል 1,000ን የሚያልፈው በ7 ወይም በ8 ደቂቃ ነው። መምህሩ ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ማለት ነው። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ከ3,500 በላይ ይደርሳል። ያኔ አንድ ልጅ ከሚስበው 12 ትንፋሽ አንዱ ያህሉ ከሌላ ልጅ ሳንባ የወጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲያዛጉና ራሳቸውን ሲይዙ “ሰነፉ” እንላለን። ጉንፋን አንዱን ከያዘው በሳምንቱ ክፍሉን ሙሉ የሚያስለውም በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን መስኮቱን እንክፈት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአየር ማናፈሻ መመሪያ ላይ ለማንም ሰው የሚገባ ስሌት አለ። መስኮት በሁለት ተቃራኒ ግድግዳ ላይ ካለ፣ የነፋሱን ፍጥነት በትንሹ ክፍት ስፋት አባዙ፣ ከዚያ በ0.65። መስኮት በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ደግሞ የምታባዙት በ0.05 ነው። ልብ በሉ፣ ልዩነቱ 13 እጥፍ ነው። የኛን ክፍል እንውሰድ። ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር ይሁን፤ ጭስ የሚያጋድል፣ ቅጠል ግን የማይነቀንቅ ለስላሳ ነፋስ። ያ አራቱ ስላይዲንግ በአንድ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ የሚከፈተው ሁለት ካሬ ነው። በሰከንድ 0.1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 100 ሊትር አየር ይገባል። ለስልሳ ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 1.7 ሊትር አይሞላም። ድርጅቱ እንደ ትምህርት ቤትና ቢሮ ላሉ ቦታዎች ለአንድ ሰው ቢያንስ 10 ሊትር ይላል። አሁን በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይም ሁለት ካሬ የሚከፈት አድርጉ። 1,300 ሊትር ይገባል፣ ለአንድ ልጅ ከ21 ሊትር በላይ። ነፋሱ ያው ነው፣ ልጆቹም ያው ናቸው፣ ክፍሉም ያው ነው። የተለወጠው መውጫ ማግኘቱ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ክፍል ጠርሙስ ውስጥ እፍ እንደ ማለት ነው፣ መልሶ ፊታችሁን ይመታዋል እንጂ አይሻገርም።

እዚህ ላይ ከናንተ መካከል “ይሄ ሰውዬ ትንኝ የሚባል ነገር አልሰማም እንዴ?” የሚል ይኖራል። ሰምቻለሁ። ወባ ባለበት ከተማ ነው የምኖረው። ባሕር ዳር መስኮት የሚዘጋው በብርድ አይደለም፣ በትንኝ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በየሰፈሩ የመስኮት መዝጊያ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እስከ ንጋት አንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሰው፣ የማታው ምግብ ሽታ፣ የቡናው ጭስና እጣን አብረው ያድራሉ። እናት ልጆቿን ከወባ ለማዳን የምታደርገውን ማንም ሊነቅፋት አይችልም። ጥፋቱ የመስኮቱ ነው። ወንፊት ሽቦ ሳይገጠምለት ነው የተሰጣት።

ስለ ወንፊት ሽቦ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር በየቀኑ የምነካው ስለሆነ። ወንፊት አየር ይቀንሳል፣ እውነት ነው። በግምት ግማሹን ያስቀረዋል። አሁን ያን ስሌት መልሱት። በሁለት በኩል የሚከፈተው የኛ ክፍል 1,300 ሊትር ነበረው። በወንፊት 650 ይሆናል። ለስልሳ ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 10 ሊትር ከምናምን። አሁንም ልኩን ያልፋል! በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈተው ግን ያለ ወንፊትም አልሞላም፣ ከነወንፊቱማ ተዉት። ዋናው ነገር ወንፊቱ በራሱ ፍሬም ላይ ሆኖ እየወጣ መታጠብ መቻሉ ነው። በጋ ላይ የመንገዱ አቧራ ይደፍነዋል። በምስማር ተመትቶ የቀረ ወንፊት በዓመቱ ጨርቅ ይሆናል። ፍሬሙ ላይ ያለው ጎማ ደግሞ ጥብቅ ማለት አለበት፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለው ትንኟ መንገዷን አታጣም።

ጤና ጣቢያ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ከባድ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። የታመመ ሰው ሲያስል የሚወጣው ጥቃቅን ጠብታ ደርቆ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሰውዬው ወጥቶ ከሄደ በኋላም ጠብታው እዚያው ነው። ታዲያ ሕመምተኛ፣ አስታማሚ፣ ነፍሰ ጡርና ልጇን ለክትባት ይዛ የመጣች እናት ጠብቁ የምንላቸው የት ነው? ብዙ ጊዜ ኮሪደር ላይ። በግራም በቀኝም በር፣ ጫፉ ላይ አንዲት መስኮት፣ እሷም ተዘግታ። ተራ ጠባቂው ትከሻ ለትከሻ ተደግፎ ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪ ይሰለፋል። አንዱ ሲያስል ሌላው አንገቱን ዘወር ያደርጋል። ከዚያ ሌላ ማምለጫ የለውም። ለታካሚ ክፍል ድርጅቱ የሚጠይቀው ለአንድ ሕመምተኛ በሰከንድ 60 ሊትር ነው። በአንድ መስኮት የማይታሰብ ነው።

በ2007 እ.ኤ.አ. ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ የወጣ ጥናት አለ። ስምንት ሆስፒታል ውስጥ 70 ክፍል ለክተዋል። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ተቀየረ። በማሽን አየር የሚገባላቸው፣ ውድ የሆኑት ክፍሎች የታሰበላቸው 12 ጊዜ ነበር። በጣም የገረመኝ ግን የአሮጌዎቹ ነው። ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊና በሁለት በኩል የሆነ ክፍሎች 40 ጊዜ ቀየሩ። አዲሶቹ 17። ሕክምና ካልጀመረ የቲቢ በሽተኛ ጋር 24 ሰዓት የቆየ ሰው የመያዝ ዕድሉ ሲገመት፣ በማሽኑ ክፍል 39 በመቶ፣ በአዲሶቹ 33 በመቶ፣ በአሮጌዎቹ 11 በመቶ ወጣ። አያቶቻቸው የሠሩት ክፍል አሸነፈ። እኛም ጋ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩ ሕንፃዎች አሉን። ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ረጅም፣ ከበራቸው በላይ ጠባብ መስኮት ያላቸው። “ይታደሱ” ሲባል የመጀመሪያው ሥራ ኮርኒሱን በጂፕሰም ዝቅ ማድረግና ያቺን የላይ መስኮት መድፈን ነው። እባካችሁ እሷን አትንኳት።

ያቺ የላይ መስኮት ለሌላም ነገር ትጠቅማለች። እኛ ነፋስ እንፈራለን። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ከፈት ሲያደርግ ከኋላ “ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ይመታናል” የሚል አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን ሲገባ ለጥቂት ወራት ሁላችን መስኮት ከፋች ሆንን። ከዚያ ረሳነው። አራስ ቤትማ ጨርሶ አይነሣም። ይህን በስብከት የምንቀይረው አይመስለኝም፣ መቀየርም የለብንም። አራስን ነፋስ ፊት ማስቀመጥ ማንም አይፈልግም። መፍትሔው አየሩን ከሰው ራስ በላይ ማሳለፍ ነው። የሞቀና የተተነፈሰ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከኮርኒሱ ሥር መውጫ ካገኘ ይሄዳል። ከታች የሚገባው አዲስ አየር ደግሞ ዝግ ብሎ ይተካዋል። ሰው አልጋው ላይ ነፋስ ሳይመታው ክፍሉ ይተነፍሳል። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው ከፍታ በጨመረ መጠን ነፋስ በሌለበት ሌሊትም ይሠራል። ይህ ከበር በላይ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው፣ ወንፊት የተገጠመለት ክፍት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዝናብ እንዳያስገባ ዘንበል ያለ ላሜራ ከላዩ።

ስለ ማራገቢያና ኤሲ አጭር ልናገር። ኮርኒስ ላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ አየር አያስገባም። ያለውን ያማስላል። ላብ ያደርቃል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የተተነፈሰውን መልሶ ያዞረዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲም እንደዚሁ ነው። ውጭ ያለው ሣጥኑ ሙቀት ይጥላል እንጂ አየር አያስገባም። ሐይቁ ዳር ባሉ አዳራሾች ለስብሰባ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከምሳ በኋላ ያለው ፕሮግራም ላይ ሰው የሚያንቀላፋው በክትፎው ብቻ አይደለም። ቀዝቅዟል፣ ግን ታፍኗል። ያውም መጋረጃው ቢገለጥ ጣና እዚያው ፊት ለፊት ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ለእናንተ ቢሮ መጻፌ ትንሽ ሊገርም ይችላል። ነገር ግን የጋራ መኖሪያ ቤቱንም፣ ባለሀብቱ የሚያከራየውን ሰርቪስ ቤትም ፕላኑን የምታጸድቁት እናንተ ናችሁ። ሰው ከሰል ያነዳል፣ ማስቀረት አይቻልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ክረምት ላይ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ለዚህ “ከሰል አታስገቡ” ማለት አለብን፣ እንላለንም። ግን 3 በ3 የሆነች፣ መስኮቷ ከበሩ ጎን ያለች፣ ጀርባዋ ድፍን ግድግዳ የሆነች ክፍል ስትጸድቅ ተከራዩ የት ያብስል? ከኋላ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር የማትዘጋ ቀዳዳ ብትኖር ብዙ ነገር ይቀየራል። ምድጃው ውጭ ይሁን የሚለው ምክር ይቆይ፣ ቀዳዳዋም ትኑር።

ውጭው አየር ሁልጊዜ ንጹሕ ነው አልልም። በጋ ላይ አቧራ አለ። ዋና መንገድ ዳር የባጃጅና የጭነት መኪና ጭስ አለ። ምሽት ላይ በየአጥሩ ሥር ቆሻሻ የሚያቃጥል ጎረቤት አለ፣ ይሄም በእናንተ በኩል አንድ ቃል ያስፈልገዋል። ስለዚህ መግቢያው መስኮት ከተቻለ በግቢው፣ በዛፉ፣ በሐይቁ በኩል ይሁን፣ መውጫው በመንገዱ በኩል። ብዙ ጊዜ ግን የምንሠራው በተቃራኒው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ከክፍልም ከቤትም ያልፋል። ሐይቁን ተከትሎ ረጃጅም ሕንፃ ጎን ለጎን፣ ክፍተት ሳይተው ከተደረደረ የኋላው ሰፈር ነፋሱን አያገኝም። ከፊት ያለው ሆቴል የጣናን አየር ይበላል፣ ከኋላ ያለው ነዋሪ የኤሲውን ሙቀት ይቀበላል። በሕንፃና በሕንፃ መካከል የምትተዉት ክፍተት ለእሳት አደጋ መኪና ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በተግባር ምን ይደረግ? አዲስ ሕግ አልጠይቅም። የሕንፃ አዋጅ አለ።   እንደ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያለ የሕዝብ አገልግሎት መስጫ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ ሰው ከመግባቱ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚታየው መቼም ደረጃው፣ ኤሌክትሪኩ፣ የእሳት ማጥፊያው ነው። ለዚያ ቀን ከሱቅ አንድ ፓኬት ሰንደል ግዙ።

ቀልድ አይደለም። በጤና ተቋማት የአየር አቅጣጫ ለማየት የሚያገለግል ዘዴ ነው፣ ውድ መሣሪያ በሌለበት ሁሉ ይሠራል። ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ በሩንና መስኮቱን እንደ ሥራ ቀን ክፈቱ። ሰንደሉን ለኩሱና ከመስኮቱ አንድ ክንድ ርቃችሁ ያዙት። ጭሱ ወደ ውስጥ ተኝቶ ከሄደ መግቢያ ነው። ወደ ውጭ ከተሳበ መውጫ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ከተንጠለጠለ ያ መስኮት ጌጥ ነው። ከዚያ ክፍሉ መሐል፣ የመጨረሻው ወንበር፣ ጥግ። ጥግ ላይ ጭሱ እየተጠቀለለ የሚቆም ከሆነ እዚያ የሚቀመጠው ልጅ የሚተነፍሰው የሌላውን ነው። ጤና ጣቢያ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ጭሱ ከሕመምተኛው ወደ ነርሷ እንዳይሄድ። ከሄደ የሚዞረው ጠረጴዛው ነው፣ እሷ ንጹሑ አየር በሚገባበት በኩል ትቀመጥ። አንድ ክፍል ለመፈተሽ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ብታዩት ይሻላል፣ ነፋሱ ይለያያልና።

ፕላን ላይ ደግሞ በየክፍሉ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፤ የመስታወቱ ስፋትና የሚከፈተው ስፋት። አርክቴክቱ እነዚህን ለመጻፍ ደቂቃ አይፈጅበትም። አንዴ መጻፍ ከጀመረ ግን ራሱ ያፍርበታል፣ አራት ካሬ ብሎ ከጎኑ ዜሮ አይጽፍም።

ያሉት ሕንፃዎች ላይስ? መማሪያ ክፍሎቹን ቅድሚያ ስጧቸው ባይ ነኝ። ብዙዎቹ በአንድ በኩል መስኮት፣ በሌላ በኩል በረንዳ ያለው ድፍን ግድግዳ ናቸው። ከበረንዳው በኩል፣ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ፣ የብሎኬት ግድግዳው ላይ ረጅምና ጠባብ ክፍት መቁረጥ ይቻላል። ልጆቹ ወደ ውጭ አያዩበትም፣ ስለዚህ “ትኩረታቸው ይሰረቃል” የሚለው የርዕሰ መምህራን ስጋትም የለም። ዓምድና ማሰሪያ እንዳይነካ መሐንዲስ ይየው። ተበይደው የተዘጉ፣ ቀለም ያጣበቃቸው፣ በካርቶን የተሸፈኑ መስኮቶችም በየትምህርት ቤቱ ሞልተዋል። እነሱን ማስከፈት ገንዘብ ሳይሆን አንድ ቀንና መዶሻ ነው። ሌባ ነው የሚያዘጋን ለሚሉ፣ ከውስጥ ፍርግርግ ይገጠም። ፍርግርግ አየር አይከለክልም።

ጊዜው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ግድግዳ የሚቆረጠው ልጆች በሌሉበት ነው፣ ያም ሐምሌና ነሐሴ ነው። ለዚያ ግን ልኬቱ ግንቦት ላይ መወሰድ አለበት። ሰኔ ላይ ሁሉም ደንበኛ አንድ ላይ ስለሚመጣ አልሙኒየሙም ሠራተኛውም አይገኝም። ጨረታው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከወጣ መስከረም ላይ ልጆቹ ያው ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት በየክፍለ ከተማው አንድ አንድ ትምህርት ቤት መርጣችሁ ልኬት አስወስዱ። የሙያ ማኅበራችን አባላት ብንጠራ እንመጣለን። ለልኬቱ አናስከፍልም፣ ሰንደሉንም እኛ እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር መስኮት ሠሪ